መርዶውን ለልጅዎ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት

ይህ መልስ የተጻፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ለጻፉልን አንዲት እናት ነው። ደብዳቤያቸው ረዘም ያለ በመሆኑና ቤተሰቡም እንዳይታወቅ በማሰብ ፍሬ ነገሩን ብቻ አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ባለቤቴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሕይወቱ አለፈ። የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅና የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። መርዶው በተነገረኝ ዕለት ትንሹን ልጅ አክስቱ ወደ ማክሰኚት ወሰደችው፤ የመጣው ድንኳኑ ፈርሶ፣ አርባው ከወጣ በኋላ ነው። አማቴ ‹ልቡ ይሰበራል፣ ነፍስ እስኪያውቅ ድረስ አይነገረው› ስላሉ አባትህ ለሥራ ሱዳን ሄዷል አልነው። እኅቱ ታውቃለች፤ እንዳትነግረው አስምለናታል። አሁን ልጁ ድሮ የተወውን፣ ሌሊት መኝታው ላይ መሽናት ጀምሯል። የክፍሉ ልጅ ‹አባትህ እኮ ሞቷል› ቢለው ደብድቦት ትምህርት ቤት ተጠርቼ ነበር። ሱዳን ውስጥ ጦርነት አለ ሲባል ሰምቶ ‹አባዬን ተኩሰውበት ይሆን?› ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹የማይደውለው ስልኩን ስለ ሰበርኩበት ነው?› ብሎ ጠየቀኝ፤ አባቱ ሊሄድ ሲል በዋዜማው የስልኩን ስክሪን ሰብሮበት ተቆጥቶት ነበር። ልጅቷ ግን ጎበዝ ናት፤ አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። የመንፈቁ ተዝካር ደርሷል፣ ዘመድ አዝማድ ይመጣል። ልንገረው ወይስ እስኪያድግ ልታገሥ? አጎታቸውም ልጁን ባሕር ዳር ወስጄ ላሳድገው እያለኝ ነው።»

ውድ እኅቴ፣ አስቀድሜ እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ የባለቤትዎንም ነፍስ ይማር።

ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ይንገሩት፤ እስኪያድግ አይጠብቁ፤ ከመንፈቁም በፊት ይሁን፤ የሚነግሩትም እርስዎ ራስዎ ይሁኑ። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ምን እንዲህ እንደምልና እንዴት ቢያደርጉት እንደሚሻል ነው።

እስካሁን ዝም ያላችሁት ልቡ እንዳይሰበር በማሰብ መሆኑ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ደብዳቤዎ ራሱ የሚመሰክረው የልጁ ልብ ከተሰበረ ወራት ማለፋቸውን ነው። አባቱ መሞቱን አልሰማም እንጂ አባቱን ማጣቱን በሚገባ ያውቃል። እናቱ ጥቁር መልበሷን፣ እንግዳ ሲገባ ወሬው ድንገት መቆረጡን፣ የአባቱ ስም ሲነሣ እኅቱ ዓይኗን ማሸሿን ያያል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ አይቶ ምንም አልተፈጠረም ብሎ አይተኛም። የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። በሱዳን ጦርነት የሞላውም፣ በተሰበረው ስልክ የሞላውም እናንተ ባዶ የተዋችሁትን ቦታ ነው።

እንዲያውም የተሰጠው ምትክ ታሪክ ከእውነቱ የከፋ መሆኑን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። በሞት የተለየ አባት ልጁን እየወደደ ሳይፈልግ የተለየ አባት ነው። ሱዳን ሄዶ ስድስት ወር ሙሉ ያልደወለ፣ ለእንቁጣጣሽ ልብስ ያልላከ፣ ትምህርት ሲከፈት ደብተር ያልገዛ አባት ግን ልጁን የተወ አባት ነው። የእርስዎ ልጅ እያዘነ ያለው ሟች አባቱን ሳይሆን ይህን የተወውን አባት ነው፤ ለመተዉም ምክንያት ፈልጎ ጥፋተኛውን አግኝቷል፤ ጥፋተኛው እርሱ ራሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች በዙሪያቸው የሚሆነውን ነገር ሁሉ ከራሳቸው ሥራ፣ ከራሳቸው ቁጣ፣ አንዳንዴም ከራሳቸው ክፉ ሐሳብ ጋር ማያያዝ ልማዳቸው ነው። አባቱን ለአንድ አፍታ ጠልቶት ከነበረ ያ ጥላቻ እንደ ገደለው የሚያምን ልጅ ጥቂት አይደለም። ይህ ሸክም የሚወርደው አንድ አዋቂ እውነቱን ሲነግረውና «ያንተ ጥፋት አይደለም» ሲለው ብቻ ነው፤ እውነቱ ተደብቆ ሳለ ግን «ያንተ ጥፋት አይደለም» የሚለው ቃል የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

አማትዎ «ነፍስ እስኪያውቅ» ያሉትን በተመለከተ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ለዚህ ጉዳይ ነፍስ አውቋል። ማሪያ ናጂ የተባለች ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በቡዳፔስት ከተማ ከ3 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 378 ልጆች ስለ ሞት የሚያስቡትን እንዲናገሩ፣ እንዲጽፉና እንዲሥሉ አድርጋ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሞትን እንደ መንገድ ወይም እንደ እንቅልፍ፣ ተመልሰው እንደሚመጡበት ነገር ሲያስቡት፣ ከፍ ያሉት ግን መመለሻ የሌለው መሆኑን ይረዱ ነበር። ከእርሷ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ አብዛኞቹ ልጆች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሞት እንደማይመለስ፣ ለሁሉም እንደሚደርስና የሞተ ሰው አካል መሥራት እንደሚያቆም እንደሚገነዘቡ አሳይተዋል። ስለዚህ ልጅዎ የሚነግሩትን ይረዳዋል። አምስት ዓመት ቢጠብቁ ደግሞ ሁለት መርዶ በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ አንዱ አባቱ መሞቱ፣ ሁለተኛው ቤተሰቡ በሙሉ አምስት ዓመት ሲዋሸው መኖሩ ነው።

አነጋገሩን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በእኛ አገር የቅርብ ዘመድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ዘመድና ጎረቤት ይጠራል፤ የነፍስ አባት ይጨመራሉ፤ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ይደርሱበታል። ሲሰማ የሚይዘው እጅ በአጠገቡ አለ፤ ከሰማም በኋላ ለቀናት ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት ያበላዋል፣ እድሩ ያስተናግድለታል፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ እየተቈጠረለት ሐዘኑ መልክ ይይዛል። ለአዋቂ ይህን ያህል የተጠነቀቅን ሰዎች ልጅ ላይ ስንደርስ መርዶ ነጋሪነቱን ለአንድ የክፍል ጓደኛው ትተንለታል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እውነቱን የነገረው ያ የተደበደበ ልጅ ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ሁላችንም አፍራለሁ።

ለልጅዎም ይኸው ሥርዓት በልኩ ይደረግለት። ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ትምህርት ስለሌለ ሁለት ቀን ሙሉ ከእናንተ ጋር ይውላል። ሰዓቱ በጎሕ መሆን የለበትም፤ ልጅን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንዲህ ያለ ነገር መንገር ከዚያ በኋላ መተኛትን እንዲፈራ ያደርገዋል፤ ቁርሱን በልቶ ሲረጋጋ ይሁን። ብዙ ሰው አይሰብስቡ። እርስዎ፣ እኅቱ፣ ከፈቀዱ አያቱ፣ ልጁ የሚወዳት ያቺ የማክሰኚቷ አክስቱ ብትኖር ይበቃል። ሊያጽናና መጥቶ ኡኡ የሚል ሰው ግን በዚያች ሰዓት ከደጅ እንዲቆይ ያድርጉ። ከአጠገብዎ አስቀምጠው፣ እጁን ይዘው፣ ድምፅዎን ሳያጣድፉ ይንገሩት። እንባ ቢቀድምዎት አይደንግጡ፤ ትንሽ ቆይተው ይቀጥሉ። ቃሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«ልጄ፣ በጣም የሚያሳዝን ነገር ልነግርህ ነው። አባትህ ሞቷል። ሚያዝያ ላይ ከመተማ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ፤ ሰውነቱ ክፉኛ ስለ ተጎዳ መሥራት አቆመ። የሞተ ሰው አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም፤ ተመልሶም ወደ ቤት አይመጣም። ሱዳን ሄዷል ያልንህ እውነት አልነበረም። እንዳታዝን ብለን ነው፤ ግን ልክ አልሠራንም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ስልኩን መስበርህ ከመሞቱ ጋር ምንም አይገናኝም። ተቆጥቶህ ነበር፤ ቁጣው ግን ወዲያው አልፎለታል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ይወድህ ነበር።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ሁለት ነገር ሊከብድዎት እንደሚችል እገምታለሁ። የመጀመሪያው «ሞቷል» ማለቱ ነው። ለአክብሮት ስንል «ዐረፈ»፣ «ተለየን»፣ «አሸለበ» ማለት ለምደናል፤ ለአዋቂ ደግ ነው። ልጅ ግን ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል፤ ያረፈ ሰው ዕረፍቱን ጨርሶ ይነሣል፣ የተለየ ሰው ይመለሳል፣ ያሸለበም ሰው ይነቃል፤ «ተኝቶ ቀረ» የተባለ ልጅ ደግሞ ማታ መብራት ሲጠፋ ይጮኻል። ሁለተኛው ወላጅ ሆኖ ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ነው። በእኛ ዘንድ ያልተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህ ልጅ ከእንግዲህ የሚሉትን ሁሉ እንዲያምንዎት ከፈለጉ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መዝለል አይቻልም።

ስለ ነፍስ፣ ስለ ጸሎትና ስለ ትንሣኤ መናገር ለቤተሰባችሁ ትልቅ መጽናኛ ነውና አይቅር። የምለምንዎት ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቁ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰውነቱ መሞቱንና አለመመለሱን ይረዳ፤ ከዚያ «ነፍሱ በእግዚአብሔር ዘንድ ናት፣ እኛም በጸሎት እናስበዋለን» ይበሉት። «እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው» የሚለውን ግን ይተዉት። ልጅ ይህን ሲሰማ እግዚአብሔር ቀጥሎ እናቴን ቢወዳትስ ብሎ ይሰጋል፤ ደግ መሆንንም ሊፈራ ይችላል።

ከተነገረው በኋላ የሚያደርገው ነገር ሊያስገርምዎት ይችላል። ምናልባት ለጥቂት ደቂቃ አልቅሶ «ኳስ ልጫወት ልውጣ?» ይልዎታል፤ ይፍቀዱለት። ዘመድ «ይህ ልጅ አባቱን አይወድም እንዴ?» ቢል አይስሙ። ልጅ ሐዘንን እንደ እኛ ለቀናት ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አይወጣውም፤ ጥቂት ያዝናል፣ ሲከብደው ወደ ጨዋታው ይሸሻል፣ ደግሞ ይመለሳል። አንዱን ጥያቄም ደጋግሞ ይጠይቃል፤ «ታዲያ መቼ ይመጣል?» የሚለውን ጨምሮ። አልገባውም ማለት አይደለም፤ መልሱ ትናንትና ዛሬ አንድ መሆኑን እያረጋገጠ ነው። በተመሳሳይ ቃል ይመልሱለት። «አንቺስ ትሞቻለሽ?» ሲልዎት «አልሞትም» አይበሉት። «ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል፤ እኔ ግን ጤነኛ ነኝ፣ እናንተን አሳድጌ ለማየት ብዙ ዘመን እንድኖር ተስፋ አደርጋለሁ፤ የሆነ ነገር ብሆን እንኳ እናንተን የምታሳድግ አክስታችሁ አለች» ማለት ይሻላል። ገበያም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ይንገሩት፤ ካረፈዱም ይደውሉ። አባቱ በመንገድ የቀረበት ልጅ ሰዓት ይቈጥራል።

በመኝታ ላይ መሽናቱን ስንፍና ወይም ልግመት አድርገው አይዩት። ከድንጋጤና ከሐዘን በኋላ ልጆች ትተውት ወደ ነበረው የሕፃንነት ጠባይ መመለሳቸው የተለመደ ነው። አይቆጡት፤ በተለይ በሰው ፊት አያንሡበት። ከመኝታ በፊት ሽንት ቤት ይሂድ፤ ከእራት በኋላ ውሃና ሻይ ይቀንሱለት። ሲሸና የሚያቃጥለው ከሆነ፣ ወይም ከወትሮው የተለየ የውሃ ጥምና ክሳት ካዩበት ግን ነገሩን ለሐዘን ብቻ አይስጡት፤ ጤና ጣቢያ ወስደው ሽንቱን ያስመርምሩ።

ለአስተማሪውም ቅዳሜ ከተነገረው በኋላ ሰኞ ጠዋት ሄደው ያስረዱ። የደበደበውን ልጅ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ይህን ማድረግ ያለበት ግን እውነቱን ካወቀ በኋላ ነው። «ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ»፣ «አባታችሁ ምን ይሠራል?» የሚሉ የክፍል ሥራዎች ሲመጡ አስተማሪው አስቀድሞ እንዲያስብለት፣ እንባ ሲመጣበትም ሳይጠይቅ ወጣ ብሎ እንዲመለስ እንዲፈቅድለት ይስማሙ።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። በሰፊው ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ እርሷ የጻፉት ጎበዝ መሆኗን፣ አንድም ቀን አለማስቸገሯንና መማሏን ብቻ ነው። ከሁሉም ይበልጥ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አባቷ ሞቶባት፣ በዚያው ሳምንት ምስጢር ተሸክማለች። ወንድሟ ማታ ከአጠገቧ ተኝቶ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» የሚለው ለእርሷም ጭምር ነው፤ እርሷም ውሸቱን በየምሽቱ ትደግማለች። ማልቀስ ብትፈልግ ወንድሟ ያያል፤ ከእናቷ ጋር ማልቀስ ብትፈልግ እናቷን የምታደክም ይመስላታል። እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው፣ ዕቃ የምታጥበው፣ ወንድሟን የምታለብሰው እርሷ ከሆነች ደግሞ፣ የመጣው ሰው ሁሉ «ጎሽ፣ ለእናትሽ ደራሽ!» እያለ ባመሰገናት ቁጥር ሐዘኗን የምትገልጥበት በር ይጠብባታል። ዝምታዋን እንደ ጥንካሬ አይውሰዱት። ያላስቸገረችው ያልከበዳት ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ለማስቸገር ቦታ አጥታ ይሆናል።

ስለዚህ ከወንድሟ በፊት እርሷን ያነጋግሩ፤ ዓርብ ማታ ብቻዋን ይዘዋት ቢቀመጡ መልካም ነው። ነገ እውነቱ እንደሚነገር ይንገሯት፤ በዚያች ሰዓት መገኘት ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቋት፤ ካልፈለገች አያስገድዷት። መሐላውን ያነሡላት። ይህን እንደ ቀላል ነገር አይዩት፤ በእኛ አገር አድጋ መሐላ ማፍረስ ኃጢአት መሆኑን የተማረች ልጅ፣ ወንድሟ እውነቱን ከሰማ በኋላ እንኳ «እኔ ሳላውቅ በሆነ ነገር አስታውቄበት ይሆን?» እያለች ልትጨነቅ ትችላለች። የነፍስ አባታችሁ ባሉበት «ያስማልንሽ እኛ ነን፣ ነፃ ነሽ» ቢባልላት ሙሉ በሙሉ ይቀልላታል። በዚህ ዕድሜ የምታነሣው ጥያቄም ከወንድሟ የተለየ ነው። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ስለ አደጋው ሲያወራ ሰምታለች፤ የሰማችውን ቁርጥራጭ ደግሞ በራሷ ሐሳብ ትቀጥለዋለች። «ተሠቃይቶ ነበር? ወዲያው ነው የሞተው? ማን አገኘው?» ብትልዎ የሚያውቁትን በአጭሩ፣ የሚያስፈራውን ዝርዝር ሳያወጡ ይንገሯት። የቤቱን ሥራ በሙሉ ከእጅዋ ያውጡ አልልም፤ ሥራ ያጽናናል፤ ነገር ግን ከጓደኞቿ ጋር የምትውልበት ቀን ይኑራት፤ ወንድሟን መጠበቅ የእርሷ ኃላፊነት አለመሆኑንም ከአፍዎ ትስማ። ወንድ ልጅዎንም «ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» የሚለው ዘመድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ አክብረው ዝም ያሰኙልኝ።

አማትዎን እንዴት እንደሚያሳምኑ አልጠየቁኝም፤ ሳይነግሯቸው ግን እንዳያደርጉት። ልጅ የቀበሩ እናት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ከሐዘን ሊሸፍኑ የፈለጉት የራሳቸውን ስለሚያውቁት ነው። «ተሳስተዋል» በሚል አይጀምሩ። ስለ ስልኩ የጠየቀውን እንዳለ ይንገሯቸው፤ ከእኔ ምክር ሁሉ ይልቅ የሚያሳምናቸው ያ ነው። የነፍስ አባታችሁ አብረው ቢገኙ ነገሩ ይቀልላል። ሥራም ይስጧቸው፦ አባቱ በልጅነቱ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንዳጠፋና እንዴት እንደ ተገረፈ ለልጁ ሊነግሩት የሚችሉ ከእርሳቸው በላይ ሰው የለም።

ስለ ራስዎም አንድ ነገር ልበል። ዊልያም ዎርደንና ፊሊስ ሲልቨርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ወላጅ የሞተባቸውን የ70 ቤተሰቦች 125 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለው ነበር። የልጆቹን ሁኔታ ከሁሉ በላይ የሚወስነው በሕይወት የቀረው ወላጅ እንዴት ሆኖ ኑሮውን እየመራ መሆኑ እንደ ሆነ አገኙ፤ በአንዳንዶቹም ላይ ችግሩ ጎልቶ የታየው ከመጀመሪያው ዓመት ይልቅ በሁለተኛው ነበር። ይህ ሁለተኛው ነገር ለእኛ በብርቱ ያስፈልገናል፤ ሙት ዓመት ካለፈ ዘመድ ሁሉ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፣ «አሁንማ ተረሳ» ይባላል። እናም እህልዎን ይብሉ፣ ሌሊት ይተኙ፤ ጎረቤትና የእድር ሴቶች «ምን እንርዳሽ?» ሲሉ «ምንም» አይበሉ፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት መቀበልም ሆነ አንድ ቀን እንጀራ መጋገር ይስጧቸው። በልጆችዎ ፊት ማልቀስዎ አይጎዳቸውም፤ «አባታችሁ ናፈቀኝ» ብለው ምክንያቱን ይንገሯቸው። የሚጎዳቸው አጽናኝዎ እነርሱ ብቻ ሲሆኑ ነው።

መንፈቁን በተመለከተ ሁለቱም ልጆች ይገኙ፤ ትንሹ ከቀብሩም ከአርባውም ተለይቶ ስለ ቀረ ይህ ለእርሱ የመጀመሪያው ነው። ከቀኑ በፊት የሚያየውን አንድ በአንድ ይንገሩት፦ ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐት እንደሚያደርሱ፣ ዘመድ ሲገናኝ እንደሚያለቅስ፣ አክስቶቹ ሙሾ ሊያወርዱ እንደሚችሉ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ተቀምጦ እንደሚበላ። በዕለቱ የእርሱ ብቻ የሆነ አንድ አዋቂ ይመድቡለት፤ እርስዎ በሰው ስለሚያዙ ያ ሰው እርስዎ አይሁኑ። ሲበቃው ይዞት ይውጣ። ትንሽ ድርሻም ይኑረው፤ ጧፍ ይያዝ፣ የአባቱን ፎቶ የሚቀመጥበትን ቦታ ይምረጥ። መቃብሩን ማየት ከፈለገ ከመንፈቁ ግርግር በፊት በጸጥታ ቀን ይዘውት ይሂዱ። ፊት መንጨትና ደረት መድቃት በልጆች ፊት እንዳይደረግ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ቢያስጠነቅቁ ደስ ይለኛል። ልጆችን ጥቁር ማልበስ አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ልጅቷ ራሷ ከፈለገች ግን አይከልክሏት።

ከዚያም ጥር ይመጣል። በጎንደር የከተራና የጥምቀት ሰሞን ቤቱ የቱንም ያህል ቢያዝን ከተማው አይጠብቅም፤ አባቱ በትከሻው ተሸክሞ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ያሳየው ከነበረ ልጁ በዚያ ቀን ይናፍቀዋል። «ዘንድሮ አንሄድም» ብለው አይዝጉበት። ከሳምንት በፊት ከሁለቱም ጋር ይመካከሩ፤ መሄድ ከፈለጉ ከማን ጋር እንደሚሄዱ ይምረጡ፤ ሄደውም ቢስቁና ቢጨፍሩ አባታቸውን መካድ አይደለም።

ወደ ሕክምና ባለሙያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው ቢሉኝ፣ ልጁ «እኔም ሞቼ አባዬ ጋ ልሂድ» የሚል ነገር ከተናገረ ወይም ራሱን ለመጉዳት ከሞከረ በዚያው ቀን ነው። እውነቱ ከተነገረው በኋላም ለሳምንታት ምግብና እንቅልፍ ከተወ፣ ከእርስዎ አልለይም ብሎ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ከሚለው ካልወጣ፣ ወይም ልጅቷ ከጓደኞቿም ከጨዋታም ጨርሳ ከራቀች ይሂዱ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ የተራዘመ ሐዘን የሚባለውን ሕመም በአዋቂ ላይ ከ12 ወር፣ በልጅ ላይ ግን ከ6 ወር ጀምሮ መመርመር እንደሚቻል ያመለክታል። ለልጅዎ ግን ቈጠራውን ከሚያዝያ አይጀምሩ፤ የእርሱ ሐዘን በይፋ የሚጀምረው በሚነግሩት ቅዳሜ ነው፤ ዘመድ «ስድስት ወር አልፎት አሁን ምን ያስለቅሰዋል?» ቢል ይህን ያስታውሱት። ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲዋ በሆስፒታሉ የሥነ አእምሮ ሕክምና ስለሚሰጥ ሩቅ አይሄዱም፤ በአካባቢዎ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ጽፈውልዎት መሄድ ይችላሉ። ጠበል የሚወስዱት ከሆነም ይውሰዱት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሲሄዱ ለልጁ «ስለ አባትህ የምትነግረውና ልጆችን የሚረዳ ሐኪም ነው፤ መርፌ አይወጋህም» ይበሉት።

የቀረው የአጎታቸው ጥያቄ ነው። ለደግነታቸው ያመስግኗቸው፤ ልጁን ግን አሁን አይስጡ። አንዴ ከቤቱ ተወስዶ ሲመለስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው፤ ዳግመኛ ቢወሰድ ሲመለስ ማንን እንደሚያጣ እያሰበ ነው የሚሄደው፤ ከእኅቱም መለየት የለበትም። በቤተሰብ ሕጋችንም አንዱ ወላጅ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን ሞግዚትና አሳዳሪ ስለሆነ ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ማንም ሊጫንዎት አይገባም። አጎታቸው መርዳት ከፈለጉ የትምህርት ወጪውን ይካፈሉ፣ በየእሑዱ ለሁለቱም ልጆች ይደውሉ፣ ክረምት ሲገባ ሁለቱንም አብረው ለጥቂት ሳምንት ይውሰዷቸው። የሚመለሱበትን ቀንም ሲሄዱ ለልጁ ቁርጡን ይንገሩት፤ በዚያውም ቀን ያምጡት።